ኦርጋኖይድ፣ የእትብት ሴል ወይስ ለም እንቁላል? በጅማ የደም ሥርን ለሚያጠኑ የሞዴል መምረጫ

ከጅማ ዙሪያ ገበሬ የተገዛ ለም እንቁላልና በቪየና የተሠራ የደም ሥር ኦርጋኖይድ (ከሴል በቤተ ሙከራ የሚበቅል ትንሽ የአካል ክፍል አምሳያ) በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚቀርቡት ለአንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ የደም ሥር እንዴት እንደሚበቅል፣ ምን እንደሚያበላሸውና ምን እንደሚያስቆመው ለማወቅ። በከተማችን ይህን የሚጠይቁ ተመራማሪዎች ጥቂት አይደሉም። አንዱ የስኳር በሽታ የዐይንና የኩላሊት ቀጫጭን የደም ሥሮችን እንዴት እንደሚጎዳ ማጥናት ይፈልጋል፤ ሌላዋ በባህል ሕክምና ለቁስል የሚያገለግል ቅጠል በእርግጥ አዲስ የደም ሥር ያበቅል እንደሆነ ልትፈትሽ ታስባለች፤ ሦስተኛው የዕጢን የደም አቅርቦት የሚቆርጥ ውሕድ ይፈልጋል። ሦስቱም በምርምር ዕቅዳቸው ላይ «ከሰው ስቴም ሴል የተገኘ ኦርጋኖይድ» የሚለውን ሐረግ የሚያስገቡት ገምጋሚን ይማርካል በሚል ተስፋ ከሆነ፣ ዕቃ ከማዘዛቸው በፊት ይህን መመሪያ ቢያነቡ ይጠቀማሉ።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልግለጽ። ጅማ ላይ ሆኖ ሞዴል ለሚመርጥ ሰው ምርጫውን የሚወስኑለት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ጥያቄው የሚሻው የሴል ዓይነትና በቅዝቃዜ ተጓጉዞ የሚመጣው ዕቃ አቅርቦት። ኦርጋኖይድ ሌላ ሞዴል የማይመልሳቸውን አንዳንድ ጥያቄዎች ይመልሳል፤ አብዛኛው ጥያቄያችን ግን እስከዚያ ድረስ አያስኬድም። የአምራች ምርጫና የብር ዋጋ አላስቀምጥም፤ ዋጋው በምንዛሪና በጭነት ስለሚለዋወጥ ዛሬ የተጻፈ ቁጥር ነገ ያሳስታል። ወጪውን አንዱን ሞዴል ከሌላው በማነጻጸር ብቻ አሳያለሁ።

የምንመዝንባቸው ነጥቦች

ቀዳሚው ነጥብ የሴሎቹ ማንነት ነው። የደም ሥር ማለት በውስጥ በኩል የተነጠፉት የኢንዶቴልየም ሴሎች ብቻ አይደሉም፤ ከውጭ የሚያቅፏቸው ፔሪሳይቶች አሉ፤ ሁለቱ ተባብረው የሚያበጁት ቤዝመንት ሜምብሬን የተባለ ስስ የፕሮቲን ንጣፍም አለ። ጥያቄያችሁ ከእነዚህ የትኛውን እንደሚመለከት ካልለያችሁ ሌላው መለኪያ ሁሉ ዋጋ የለውም። ሁለተኛው ሞዴሉ ምን ሊያሳይ እንደሚችል ነው፤ የሥሩን መብቀል፣ የግድግዳውን መወፈር ወይስ የደሙን ፍሰት? ሦስተኛው ሙከራው የሚፈጀው ጊዜ ሲሆን፣ አራተኛው ከውጭ በደረቅ በረዶ ወይም በፈሳሽ ናይትሮጅን የሚመጣው ዕቃ ብዛት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለሰው የአንድ ቀን ጉዞ ነው፤ በጉምሩክ ቀናት አሳልፎ ለመጣ የደረቅ በረዶ ሣጥን ግን የመጨረሻዋን ቁራጭ የሚጨርስ ርቀት ነው። አንድ ጊዜ ያስመጣነው ሴል የሚበቅልበት ጄል ሣጥኑ ሲከፈት በረዶው ተንኖ አልቆ፣ ጄሉ በጠርሙሱ ውስጥ ረግቶ ተገኝቷል።

አምስተኛውን ነጥብ በውጭ መመሪያዎች ብዙም አላየሁትም፤ እኔ «የመቋረጥ ትዕግሥት» ብየዋለሁ። መብራት ለስድስት ሰዓት ቢጠፋ፣ ወይም በበዓል ምክንያት ለሦስት ቀን ማንም ቤተ ሙከራው ባይገባ፣ ሙከራው ይተርፋል ወይ? የሥነ ምግባር ፈቃድ ጉዳይ ሁሉንም ስለሚመለከት በየቦታው አነሣዋለሁ።

ሴል በኢንኩቤተር ለሚያሳድግ ሁሉ የሚሆን አንድ የአካባቢያችን ጉዳይም አለ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ በባሕር ወለል ካለው 81 ከመቶ ያህል ነው። ፕሮቶኮሎች በአብዛኛው «5 ከመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ» ሲሉ በዝቅተኛ ቦታ ያለውን ግፊት ታሳቢ አድርገው ነው፤ እዚህ ያንኑ የጋዝ ግፊት ለማግኘት ከ6 ከመቶ ትንሽ የሚያልፍ መጠን ያስፈልጋል። አለበለዚያ በባይካርቦኔት የሚመጠነው የሴል ምግብ ወደ አልካሊነት ያዘነብላል። መለኪያው የግፊት ልዩነትን ማረሙ እንደ ማሽኑ ስለሚለያይ፣ በማሽኑ መስኮት ላይ ያለውን ቁጥር ከማመን ይልቅ ኢንኩቤተር ውስጥ ያደረን የሴል ምግብ ፒ.ኤች. መለካት ይሻላል። ኦክስጅኑም በዚያው ልክ ያንሳል። የኦክስጅን እጥረት ደግሞ የደም ሥርን መብቀል ከሚያነሣሡ ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ፣ የራሳችሁን ውጤት በሌላ አገር ከታተመው ጋር ስታስተያዩ ይህን አስቡበት።

ከሰው ስቴም ሴል የሚበቅለው ኦርጋኖይድ

መነሻው ወደማንኛውም የሰውነት ክፍል መለወጥ የሚችል ስቴም ሴል ነው። ይህ ሴል ከሁለት ምንጭ ይገኛል። አንደኛው ከፅንስ ሲሆን፣ ጄምስ ቶምሰን በ1998 የሰውን ለይቶ አሳድጓል፤ ሁለተኛው ሺንያ ያማናካ በ2006 በአይጥ፣ በ2007 ደግሞ በሰው ሴል እንዳሳየው የጎልማሳን ሴል በአራት ጂኖች ወደ ኋላ በመመለስ ነው። ያማናካ ለዚህ ሥራው በ2012 ከጆን ገርደን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ለእኛ ሁለተኛው መንገድ ይመረጣል፤ የፅንስን ጥያቄ ያስቀራል፤ ከበሽተኛም ሊሠራ ይችላል። ሴሎቹን እዚሁ ከመሥራት ግን ተፈትሾ የተመዘገበ መስመር ማስመጣት ይቀላል።

የደም ሥር ኦርጋኖይድን ዘዴ በ2019 ያወጡት በቪየና የሞለኪውላዊ ባዮቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ራይነር ዊመር፣ ጆሴፍ ፔኒንገርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። አካሄዱ ሲነበብ ቀላል ነው። ስቴም ሴሎቹ ታቹ በማያጣብቅ ሳህን ውስጥ ተጠራቅመው ትናንሽ እንክብሎች ይሆናሉ። ለሦስት ቀን ያህል ቢ.ኤም.ፒ. 4 የተባለ ፕሮቲንና ቺር 99021 የተባለ ኬሚካል ይሰጣቸዋል፤ በዚህም ደም፣ ልብና ጡንቻ ወደሚወጡበት የፅንስ ንብርብር፣ ወደ ሜሶደርም፣ ያመራሉ። ቀጥሎ ለሁለት ቀን ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የተባለው ደም ሥር አብቃይ ፕሮቲንና ፎርስኮሊን የተባለ ኬሚካል ይጨመራሉ። ከዚያ እንክብሎቹ በኮላጅንና ሰው ሁሉ በንግድ ስሙ ማትሪጀል በሚለው ጄል ቅልቅል ውስጥ ይቀበራሉ፤ ቡቃያዎቹም ወደ ዙሪያው ይወጣሉ። ከቀናት በኋላ እያንዳንዱ መረብ ከጄሉ ተቆርጦ ለየብቻው በ96 ጉድጓድ ሳህን ይቀመጣል፤ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሞላው ኢንዶቴልየም፣ ፔሪሳይትና ኮላጅን 4 በተባለው የቤዝመንት ሜምብሬን ፕሮቲን የተሸፈነ ግድግዳ ያለው ክብ የደም ሥር መረብ ይሆናል።

ብልጫው እዚህ ላይ ነው። ሦስቱም የግድግዳው ክፍሎች የሰው ናቸው፤ የሚገኙትም ሰው ሳያደራጃቸው በራሳቸው ተደራጅተው ነው። የሰውነት መከላከያቸው በተዳከመ አይጦች የኩላሊት ሽፋን ሥር ሲተከሉም ከአይጡ የደም ዝውውር ጋር ተገናኝተው ደም አስተላልፈዋል፤ ከቀጫጭኖቹ ሌላ አርተሪዎችንና ቬኑል የሚባሉትን ትናንሽ ቬኖችም አበጅተዋል። ተመራማሪዎቹ ኦርጋኖይዶቹን በከፍተኛ ግሉኮስና በሁለት የብግነት ፕሮቲኖች ሲያሳድጓቸው ቤዝመንት ሜምብሬኑ በስኳር ሕመምተኞች ቀጫጭን የደም ሥሮች ላይ እንደሚታየው ወፍሯል። ይህን የሚያንቀሳቅሱት ዲ.ኤል.ኤል. 4 እና ኖች 3 የተባሉ ፕሮቲኖች እንደሆኑም አሳይተዋል። በ2020 ደግሞ የፔኒንገር ቡድን ከስዊድን ተባባሪዎቹ ጋር የኮሮና ቫይረስ ኦርጋኖይዶቹን እንደሚያጠቃና ቫይረሱ ወደ ሴል ለመግባት የሚይዘው ኤ.ሲ.ኢ. 2 የተባለ የሰው ፕሮቲን በሚሟሟ መልኩ ሲሰጥ ጥቃቱን እንደሚቀንሰው አሳየ።

አድናቆቴ እንደተጠበቀ ሆኖ አንድ ነገር እንድታስተውሉ እፈልጋለሁ። በስኳር በሽታው ሙከራ የተጠቀሙበት ግሉኮስ 75 ሚሊሞላር ነው። በእኛ ክሊኒኮች በለመድነው አለካክ ይህ በዴሲሊትር 1,350 ሚሊግራም ማለት ነው፤ በተመላላሽ ክፍል በዚህ መጠን የሚኖር በሽተኛ አይገኝም። በሰው ላይ ዓመታት የሚፈጀውን ጉዳት በሳምንታት ለማሳየት የተደረገ ማፋጠን ስለሆነ ስሕተት አልለውም፤ ነገር ግን «ሞዴሉ የስኳር በሽታ ነው» ብሎ ከመጻፍ «ሞዴሉ አንዱን የስኳር በሽታ ጉዳት ያሳያል» ብሎ መጻፍ ይገባል።

ድካሞቹም ግልጽ ናቸው። በሳህን ውስጥ ሳለ ደም አይፈስበትም፤ ሴሎቹ ከጎልማሳ ይልቅ የፅንስ ጠባይ አላቸው፤ አንዱ ኦርጋኖይድ ከሌላው በመጠንና በሴል ስብጥር ይለያያል። የአርተሪን ጡንቻማ ግድግዳ ለሚያጠና ሰው በሳህን ያለው መረብ አይጠቅምም። ከሁሉ የሚከብደው ግን ኦርጋኖይዱ ከመጀመሩ በፊት ያለው ሥራ ነው። ስቴም ሴል በአብዛኛው በየቀኑ ምግቡ ይቀየርለታል፤ እሑድና ዓውደ ዓመት አያውቅም። ሲሰለች ወይም ሲራብ ሳይፈለግ ወደ ሌላ ሴል ይለወጣል፤ ክሮሞዞሙም ከጊዜ ጋር ሊዛባ ስለሚችል በየጊዜው መፈተሽ አለበት። ማይኮፕላዝማ የተባለው በጣም ትንሽ ባክቴሪያ ቢገባበት በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። በክረምቱ እርጥበት ደግሞ ሻጋታ የኢንኩቤተሩን የውኃ ትሪ እንደሚወድ ጅማ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ማትሪጀል ከአይጥ ዕጢ የሚወጣ ስለሆነ ከጥቅል ጥቅል ይለያያል፤ ከ10 ዲግሪ በላይ መርጋት ስለሚጀምር ፒፔቱ ሳይቀር ቀዝቅዞ በበረዶ ላይ ይሠራበታል።

በኦርጋኖይድ ውስጥም ምርጫ አለ። በ2025 የታተመ ሌላ መንገድ ኢ.ቲ.ቪ. 2 እና ኤን.ኬ.ኤክስ. 3.1 የተባሉ ጂኖችን በስቴም ሴሉ ውስጥ አነቃቅቶ በአምስት ቀን ገደማ የደም ሥር ኦርጋኖይድ ያገኛል። ጊዜውን ያሳጥራል፤ ነገር ግን ጂን የገባበት ሴል ይጠይቃል። ጂን ማስገባት ለማያውቅ ቤተ ሙከራ የ2019ኙ መንገድ ቢረዝምም ይሻላል፤ ዝርዝር አሠራሩም በዚያው ዓመት ለብቻው ታትሟል።

የእትብት ደም ሥር ሴል

ከእትብት ቬን ውስጥ የኢንዶቴልየም ሴልን አውጥቶ ማሳደግ ከ1973 ከኤሪክ ጃፍ ሥራ ጀምሮ የተለመደ ነው። ቬኑ ይታጠባል፣ ኮላጅንን የሚበትን ኮላጅኔዝ የተባለ ኢንዛይም ይሞላል፣ በ37 ዲግሪ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ይቆያል፣ ሴሎቹም ታጥበው ይወጣሉ። ብዙ እናቶች በሚወልዱበት ከተማ ጥሬ ዕቃው በየቀኑ የሚጣል ነው፤ ይህ የእኛ ትልቁ ጸጋ ነው። ቢሆንም የሚጣል ስለሆነ ብቻ ሳይጠየቅ አይወሰድም። የእናትየዋ ፈቃድ ከምጥ በፊት፣ በረጋ ሰዓትና በምትሰማው ቋንቋ መጠየቅ አለበት፤ ምጥ ላይ ያለችን ሴት አስፈርሞ «ፈቃድ አግኝቻለሁ» ማለት አይቻልም። በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ምርመራም አብሮ መታቀድ ይኖርበታል።

በእነዚህ ሴሎች በጣም የተለመደው ሙከራ በማትሪጀል ላይ ዘርቶ በሰዓታት ውስጥ የሚሠሩትን መረብ መቁጠር ነው። ፈጣን ነው፤ ስለዚህም ያለ ልክ ይታመናል። ኢንዶቴልየም ያልሆኑ ሴሎችም፣ ለምሳሌ ፋይብሮብላስት የሚባሉት የድጋፍ ሕብረ ሕዋስ ሴሎች፣ በዚያው ጄል ላይ መረብ መሰል ነገር ሊሠሩ ይችላሉ። ስለዚህ መረብ ታየ ማለት የደም ሥር በቀለ ማለት አይደለም፤ የሴል መባዛትና መንቀሳቀስ ሙከራ አብሮ መቅረብ አለበት። ሴሎቹ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ወደ አዲስ ሳህን ተከፋፍለው ከተዛወሩ በኋላ ጠባያቸውን ስለሚለውጡ ሥራውን ከዚያ በፊት መጨረስ ይገባል። ፔሪሳይት የለም፤ ስለዚህ የግድግዳ መወፈር ጥያቄ እዚህ አይመለስም። ሴሉ ነጻ ቢሆንም የሚያሳድገው ምግብ ከውጭ እንደሚመጣ በጀት ሲሠራ አይዘንጋ።

ለም እንቁላል

የዶሮ ፅንስ በእንቁላሉ ውስጥ የሚተነፍስበት ሽፋን፣ ኮርዮአላንቶይክ ሜምብሬን የሚባለው፣ በቀናት ውስጥ በደም ሥር ይሸፈናል፤ ደሙም በእርግጥ ይፈስበታል። አንድ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ማሽን ሳይኖር ሕያው የደም ዝውውርን በዐይን ማየት የሚቻለው እዚህ ነው። እንቁላሉ በ37.5 ዲግሪና በ60 ከመቶ ገደማ እርጥበት ይቀመጣል፤ በሦስተኛው ቀን በትንሽ ቀዳዳ ጥቂት ነጩ ክፍል ተመጥጦ ሽፋኑ ከቅርፊቱ እንዲርቅ ይደረግና መስኮት ይከፈታል፤ ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ውሕዱ በትንሽ ክብ ወረቀት ላይ ይቀመጣል፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይቆጠራል። ጫጩቱ በ21 ቀን የሚፈለፈል ስለሆነ ሙከራው ከ14ኛው ቀን በፊት ማለቁ ይመረጣል። በብዙ አገር ይህ ዕድሜ ጥብቅ የእንስሳት ፈቃድ አይጠይቅም፤ ቢሆንም የራሳችሁን ቦርድ ጠይቁ።

ተማሪዎች ዘወትር የሚወድቁበት የመጀመሪያው ጉድጓድ ከእንቁላል ጣይ ዶሮ እርባታ መግዛት ነው። በዚያ አውራ ዶሮ ስለሌለ እንቁላሉ መካን ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ታቅፎ የሚገኘው ባዶ ነው። የገበሬ እንቁላል ደግሞ መጠኑና ዕድሜው ይለያያል፤ ከሳምንት ያልበለጠ መሆኑን አረጋግጡ፤ ቅርፊቱም የጠቆረ ከሆነ በብርሃን መመርመር ያስቸግራል። በዚህ ጉዳይ ከግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ባለሙያዎች ጋር መሥራት ብዙ ልፋት ይቀንሳል። ዋጋው በዐቢይ ጾም ሲረክስ ለፋሲካ እንደሚወደድም ሁሉ ያውቃል።

ሁለተኛው ጉድጓድ የአነባበብ ነው። የቅርፊት ትቢያ ሽፋኑ ላይ ከወደቀ ብግነት ያስነሣና ሥሮቹን ወደ ራሱ ይስባል፤ ይህ «ቅጠሉ ደም ሥር አበቀለ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። መርዛም ጭማቂም ፅንሱን አዳክሞ «ደም ሥር አስቆመ» ሊያሰኝ ይችላል። ስለዚህ ባዶ ወረቀት፣ መሟሟቻው ብቻ ያለበት ወረቀትና የሚታወቅ ውሕድ ያለበት ወረቀት በየዙሩ መኖር አለባቸው፤ ቆጣሪውም የትኛው የትኛው እንደሆነ ማወቅ የለበትም። የመቋረጥ ትዕግሥቱን በተመለከተ የታቀፈች ዶሮም ለመብላት ከእንቁላሏ ትነሣለች፤ የአጭር ጊዜ መብራት መጥፋት ሙከራውን አይገድለውም።

የቀሩትን ሁለት ሞዴሎች በአጭሩ

የአይጠመጎጥ አርተሪ በ1 ሚሊሜትር ቀለበት ተቆርጦ በኮላጅን ሲቀበር ቁስሉ ራሱ ስለሚያነሣሣው በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ቡቃያ ያወጣል። ፔሪሳይቱም አብሮ ስላለ ከእትብት ሴል ይበልጣል፤ ብዙ የእድገት ፕሮቲንም አይጠይቅም። የሰው አለመሆኑና የእንስሳት ፈቃድ ማስፈለጉ ድክመቶቹ ናቸው። ቺፕ ላይ፣ ማለትም ፈሳሽ በፓምፕ በሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቦዮች ውስጥ ሴል ተዘርቶ፣ የሚሠራ የደም ሥር ደግሞ የፍሰትን ግፊት ለማጥናት ተወዳዳሪ የለውም፤ ያለ ፓምፕ ባለሙያና ያለ መለዋወጫ ግን ዛሬ በጅማ አልመክረውም።

| ሞዴል | የሴሉ ምንጭ | በደንብ የሚያሳየው | የማያሳየው | ሙከራው የሚፈጀው | ወጪ | የመቋረጥ ትዕግሥት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ኦርጋኖይድ | ሰው | የግድግዳ ለውጥ፣ የሴሎች ትስስር፣ የዘር ልዩነት | ፍሰት (ካልተተከለ) | ከ2 እስከ 3 ሳምንት፣ ከወራት ዝግጅት በኋላ | ከፍተኛ | በጣም ዝቅተኛ |
| የእትብት ሴል | ሰው | መባዛት፣ መንቀሳቀስ፣ መርዛማነት | ፔሪሳይት፣ ግድግዳ | ከሰዓታት እስከ ቀናት | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| ለም እንቁላል | ዶሮ | መብቀልና ፍሰት በሕያው አካል | የሰው ሴል ምላሽ | 2 ሳምንት ገደማ | ዝቅተኛ | ጥሩ |
| የአርተሪ ቀለበት | አይጠመጎጥ | ቡቃያ ከፔሪሳይት ጋር | ፍሰት፣ የሰው ሴል ምላሽ | ከ1 እስከ 2 ሳምንት | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | መካከለኛ |
| ቺፕ | ሰው | የፍሰት ግፊት | እንደ አሠራሩ ይለያያል | ከቀናት እስከ ሳምንታት | ከፍተኛ | በጣም ዝቅተኛ |

ማን የትኛውን ይምረጥ

ቅጠል ይዛ ለመጣችው ተማሪ፣ በተለይ በጀቷ ለአንድ የማስተርስ ጥናት ብቻ ከሆነ፣ በእንቁላል ትጀምር። ውጤቱ በሦስት የተለያዩ ዙሮች ከተደገመ ብቻ ወደ እትብት ሴል ትለፍ፤ በዶሮ የታየው በሰው ሴልም ይታይ እንደሆነ የሚያረጋግጥላት እሱ ነው። ኦርጋኖይድ ለእሷ ትርፍ ነው። የዕጢውን ውሕድ ለሚፈልገው ተመራማሪ ቀለበቱና እንቁላሉ ሲጣመሩ ከአንድ ውድ ሞዴል የተሻለ ማስረጃ ይሰጣሉ፤ አንዱ ፔሪሳይቱን፣ ሌላው ፍሰቱን ያሟላልና።

የስኳር በሽታ አጥኚው ጉዳይ ይለያል። ጥያቄው የግድግዳ መወፈር ከሆነ የእትብት ሴል አይመልስለትም፤ ኦርጋኖይድ በእርግጥ የሚገባው እሱ ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት ወደ ፓቶሎጂ ክፍል ይሂድ። በፓራፊን ተቀብሮ የሚቀመጥ የበሽተኞች ሕብረ ሕዋስ፣ ለምሳሌ በሕክምና የተቆረጠ እግር ቆዳ፣ በኮላጅን 4 ቀለም ሲታይ እውነተኛውን የወፈረ ግድግዳ ያሳየዋል። የቪየናዎቹም የኦርጋኖይዱን ውጤት ከስኳር ሕመምተኞች ቆዳ ጋር አስተያይተዋል። እኛ የበሽተኛው ወገን አለን፤ እነሱ የኦርጋኖይዱ ወገን አላቸው። ስለዚህ የቁሳቁስ ማስተላለፊያ ስምምነት ተፈርሞ፣ የሥነ ምግባር ፈቃዱ ቀድሞ አልቆ፣ ተማሪው ኦርጋኖይዱን ከሚያሳድግ ቤተ ሙከራ ጥቂት ወራት ሠርቶ ቢመለስ ማሽኑን ከመግዛት ይበልጣል። በስምምነቱ ላይ የናሙናው ባለቤትነትና የጽሑፉ ደራሲነት ከመጀመሪያው ይጻፍ።

የራሱን የኦርጋኖይድ ክፍል እዚህ ለማቋቋም በቂ የምርምር ገንዘብ ያገኘ ቡድን ደግሞ ቅደም ተከተሉን አይገልብጥ። መጀመሪያ የፈሳሽ ናይትሮጅን አቅርቦቱ በጽሑፍ ውል ይታሰር፤ ጄኔሬተሩ በራሱ የሚነሣና ኢንኩቤተሩን የሚያካትት መሆኑ በትክክለኛ የመብራት መጥፋት ቀን ይፈተሽ። ቀጥሎ ሦስት ወር በእትብት ሴል ብቻ ይሠራ፤ በዚያ ጊዜ ስንት ሳህን በሻጋታ እንደጠፋ ይመዝገብ፤ እሑድ የሚገቡት ሰዎች ተራም ይለመድ። ስቴም ሴሉ የሚታዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። እንደደረሰም ለሙከራ ከመዋሉ በፊት ተባዝቶ ይቀዝቅዝ፤ ጠርሙሶቹም ለሁለት ተከፍለው በሁለት የተለያዩ ሕንጻዎች በሚገኙ ታንኮች ይቀመጡ፤ የእያንዳንዱም ታንክ የናይትሮጅን ከፍታ በየሳምንቱ በዱላ ተለክቶ በደብተር ይጻፍ።